ባሮን ለ ርዋ፦ የአካባቢያቸውን የወይን ጠጅ ስም ያስከበሩት ገበሬ

ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ጫፍ ሳይቀምስ ገንዘብ አይከፍልም። ስኳር የተቀላቀለበት ማርና ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ገዥውን ስላስጠነቀቁት ቀምሶ መግዛት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ምርቱ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ የመጨረሻው ገዥ ቀምሶ የማጣራት ዕድል የለውም። እርሱ የሚያምነው በዕቃው ላይ የተጻፈውን የአካባቢ ስም ነው። ስሙ ከታመነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስሙ ከተበላሸ ግን በጥንቃቄ ያመረተውም ገበሬ ከአጭበርባሪው እኩል ይከስራል።

ይህን ችግር ተረድተው መፍትሔ ካገኙት ሰዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር የኖሩት ባሮን ፒየር ለ ርዋ ደ ቧዞማሪዬ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ስለ ወይን ጠጅ ቢሆንም ቡና፣ ማርና ሰሊጥ ለሚያመርት የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሚሰጠው ትምህርት ከፍተኛ ነው።

ትውልድና ትምህርት

ባሮን ለ ርዋ እ.ኤ.አ. በ1890 ግሬ በምትባል የምሥራቅ ፈረንሳይ ከተማ ተወለዱ። ባሮን የሚለው የመሳፍንት ማዕረግ ሲሆን የተማሩት ግን በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔልዬ ከተማ ሕግ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳም ዘምተው በተዋጊ አውሮፕላን አብራሪነት አገልግለዋል።

ወደ ግብርናው ያስገባቸው ጋብቻ ነው። ባለቤታቸው ሻቶ ፎርቲያ የተባለው የወይን እርሻ ወራሽ ስለነበሩ ባሮኑ ኑሯቸውን በሮን ወንዝ አካባቢ በምትገኘው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ መንደር መሠረቱ። የመንደሯ ስም ትርጉም የጳጳሱ አዲስ ግንብ ማለት ነው። ይህም የሆነው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ጳጳሳት በአቅራቢያው ባለችው አቪኞን ከተማ ሲኖሩ በዚያ ግንብ ስላሠሩ ነው። መሬቱ በአብዛኛው ወንዝ ባመጣቸው ድቡልቡል ድንጋዮች የተሸፈነና ለእህል የማይመች ቢሆንም የወይን ተክል ይስማማዋል።

የገበሬዎቹ ችግር

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለ ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን የወይን ተክል ሥር እየመጠጠ ማድረቅ ጀመረ። ተባዩ በመጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የሮን አካባቢ ነበር። በመጨረሻ መፍትሔ የተገኘው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በመቀጠል ሲሆን እስከዚያው ድረስ ግን የወይን ጠጅ እጥረት ተፈጠረ። እጥረቱም አጭበርባሪዎችን ወለደ። ከደረቅ ዘቢብ፣ ከስኳርና ከውኃ የተሠራ መጠጥ በወይን ጠጅ ስም ይሸጥ ጀመር።

እርሻው ካገገመ በኋላም ማጭበርበሩ አልቆመም። ከልክ ያለፈ ምርት ተጨምሮበት ዋጋው ስለ ወደቀ እ.ኤ.አ. በ1907 የደቡብ ፈረንሳይ ወይን አምራቾች በመቶ ሺዎች እየሆኑ ሰልፍ ወጡ። በናርቦን ከተማ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ሰዎች ሞቱ።

የሻቶኔፍ ገበሬ ችግር ደግሞ ሁለት መልክ ነበረው። የመንደሩ ወይን ጠጅ ጠንካራና ጣዕሙ ሙሉ በመሆኑ የቡርጎኝ ነጋዴዎች በጅምላ እየገዙ የራሳቸውን ቀጭን ወይን ጠጅ ያጠነክሩበት ነበር። በሌላ በኩል ከሌላ ቦታ የመጣ ተራ ወይን ጠጅ በሻቶኔፍ ስም ይሸጣል። በዚህም ምክንያት መልካሙ ምርት በሌላ ስም ሲሄድ መልካሙ ስም ደግሞ ለሌላ ምርት ዋለ።

ባሮኑ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ

እ.ኤ.አ. በ1923 የመንደሩ ገበሬዎች ሕግ አዋቂ ወደሆኑት ባሮን ሄደው እንዲመሯቸውና ስማቸውን እንዲያስመልሱላቸው ለመኑ። እርሳቸውም ጥያቄውን የተቀበሉት ያለ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ገበሬዎቹ ሌላውን ከመክሰሳቸው በፊት ራሳቸው ከማጭበርበር እንዲጸዱና ጥብቅ ደንብ በራሳቸው ላይ እንዲያወጡ ጠየቁ። ገበሬዎቹም ተስማሙ፤ የአምራቾች ማኅበርም ተቋቋመ።

ደንቡ የተነሳው ከአንድ ቀላል እውነት ነው። የወይን ጠጅ ቀማሽ በመጀመሪያ ቀለሙን በብርሃን ያያል፤ ቀጥሎ ያሸታል፤ ከዚያም በአፉ ይዞ ኮምጣጣነቱን፣ ጥንካሬውን፣ አፍ የማድረቅ ባሕርይውንና ከተዋጠ በኋላ የሚቆየውን ጣዕም ይመዝናል። ነገር ግን በብርጭቆ የሚገኘው ጉድለት በአብዛኛው ከማሳ የመጣ ነው። ጣዕሙ ቀጭን ከሆነ ተክሉ ከአቅሙ በላይ ፍሬ ተሸክሟል ማለት ነው። የሻጋታ ሽታ ካለው የበሰበሰ ዘለላ ከጤነኛው ጋር ተጨምቋል ማለት ነው። ስለሆነም ዋጋውን ከማሳው መጠበቅ እንጂ በርሜል ውስጥ ከገባ በኋላ ማረም አይቻልም።

በዚሁ መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች በደንቡ ተካተቱ፦

1ኛ. የሻቶኔፍ ስም የሚሰጠው ለተመረጠ መሬት ብቻ ነው። መለያው ላቬንደርና ጦስኝ የሚበቅሉበት፣ ለሌላ ሰብል የማይመች ደረቅ መሬት መሆኑ ነው።

2ኛ. የሚተከሉት የወይን ዝርያዎች በስም ተለይተው ይታወቃሉ፤ አገራረዛቸውም በደንብ ይወሰናል።

3ኛ. በለቀማ ጊዜ ከምርቱ ቢያንስ 5 በመቶው ተመርጦ ይወገዳል። መልካም ዘመን ቢሆንም እንኳ ማበጠር ግዴታ ነው።

4ኛ. ስኳር ሳይጨመርበት የወይን ጠጁ የአልኮል መጠን ከ12.5 በመቶ ማነስ የለበትም።

ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርትም ኋላ በወጣው ሕግ በ35 ሄክቶ ሊትር ማለትም በ3,500 ሊትር ተወስኗል። ብዙ ማምረት ለለመደ ገበሬ ይህ ቀላል አልነበረም። ከየመቶ ኪሎው አምስት ኪሎ መጣል፣ ለም መሬት ላይ የተተከለውን ወይን በመንደሩ ስም አለመሸጥ ለብዙዎች ግልጽ ኪሳራ መስሎ ይታያቸው ነበር።

ክርክሩና ሕጉ

ከክልሉ ውጪ የቀሩት ዝም አላሉም። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመታትን ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1933 የፈረንሳይ የመጨረሻው ሰበር ፍርድ ቤት የገበሬዎቹን ክልልና ደንብ አጸናላቸው። በዚህ ረገድ ሊታወቅ የሚገባው ክልሉ የአስተዳደር ወሰንን አለመከተሉ ነው። ከመንደሩ መሬት ውስጥ የማይስማማው ሲቀር፣ በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኝና ተመሳሳይ አፈር ያለው መሬት ደግሞ ገብቷል። መለኪያው አፈሩና ምርቱ እንጂ የባለሥልጣን መስመር አልነበረም።

ባሮን ለ ርዋ በመንደራቸው ብቻ አልተወሰኑም። እ.ኤ.አ. በ1929 የኮት ዱ ሮን ወይን አምራቾችን ማኅበር አቋቋሙ። ጆዜፍ ካፑስ ከተባሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ጋር በመተባበርም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1935 የወጣውና የአካባቢ ስምን የሚጠብቅ አገር አቀፍ ሥርዓት የዘረጋው ሕግ እንዲወለድ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አደረጉ። በዚህ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1936 መጀመሪያ ከታወቁት ስሞች አንዱ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የጳጳሱ ቁልፎች ምልክት በመስታወቱ ላይ ጎልቶ የሚታይበት ልዩ ጠርሙስ ወጣ።

ባሮኑ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ይህን ሥርዓት የሚመራውን ብሔራዊ ተቋም በፕሬዚዳንትነት መርተው እ.ኤ.አ. በ1967 ዐረፉ። የዘረጉት ሥርዓት ግን ከእርሳቸው ሞት በኋላም ሰፍቶ ለአይብ፣ ለቅቤና ለሌሎችም የእርሻ ውጤቶች ተሠርቶበታል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት

ከጊምቢና ከሌሎች የወለጋ ወረዳዎች የሚሰበሰበው ቡና በዓለም ገበያ ለቀምት በሚል የንግድ ስም ይታወቃል። ነቀምቴ ከተማ ስሟን ለቡናው አውሳለች። ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙም የፍራፍሬ ቃና ያለው መሆኑን ቀማሾች ይመሰክራሉ። በአገራችን የቡና ደረጃ አሰጣጥ ጥሬው 40፣ የሲኒው ቅምሻ ደግሞ 60 ነጥብ ሲይዙ ቆይተዋል። ለቅምሻ የሚሰጠው ነጥብ ግን ቀማሹ ፊት ከመቅረቡ በፊት በገበሬው እጅ ያለ ነው። አረንጓዴ ፍሬ ከቀይ ጋር ከተለቀመ፣ ጀንፈሉ ከአልጋ ይልቅ በባዶ መሬት ላይ ከተሰጣ፣ ወይም እርጥቡ በጆንያ ከታጨቀ ሲኒው ይናገራል።

ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቻ አቅርባ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። ይህ መንግሥት ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው። የባሮን ለ ርዋ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሕግና ምዝገባ የሚጠቅሙት አባላቱ በቅድሚያ እርስ በርሳቸው ከተቆጣጠሩ መሆኑን ነው። የሻቶኔፍ ገበሬዎች በነጋዴው ላይ ጣት ከመቀሰራቸው በፊት የራሳቸውን አምስት ኪሎ ጥለዋል።

ስለዚህ መሠረታዊ ማኅበራት በምርት መረከቢያ ጣቢያቸው ላይ ቀይ ፍሬ ብቻ ለመቀበል ሲወስኑ፣ የዘመድ ጆንያም ቢሆን ጉድለት ካለው ሲመልሱ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ውሳኔ ሲደግፉ የአካባቢው ስም ይጠበቃል። ይህ ካልሆነ በጥንቃቄ የለቀመችው እናትና ያለ ጥንቃቄ ያራገፈው ጎረቤቷ በአንድ ክምር ተቀላቅለው በአንድ ዝቅተኛ ዋጋ መሸጣቸው አይቀርም።