ስለ ፖል ቤር ሕይወትና ስለ ከፍታ አየር

ከደባትና ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚወጣ እንግዳ ሰው ራሱን ሲያመውና ትንፋሹ ሲያጥረው ብዙ ጊዜ እናያለን። አንዳንዱ ብርዱ ነው ይላል፤ ሌላውም ድካሙ ነው ይላል። እውነተኛውን ምክንያት በፈተና ያረጋገጠው ፖል ቤር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ስለሆነ፣ ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን ባጭሩ ለመጻፍ ወደድሁ። ዘመኑን የጠቀስሁት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ፖል ቤር በ1833 ኦሴር በምትባል ከተማ ተወለደ። አስቀድሞ ሕግ ተማረ፤ ኋላ ግን የሰውነትን ሥራ ወደሚመረምረው ትምህርት ዞሮ የታላቁ የክሎድ ቤርናር ተማሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተራራ ሕመም የሚመጣው የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ቤር በቃል ከመከራከር ይልቅ ሰው የሚይዝ የብረት ክፍል አሠርቶ፣ አየሩን በመምጠጫ እያሳሳ መመርመር ጀመረ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የረዳው በሜክሲኮ ደጋ ያከም የነበረ ዡርዳኔ የተባለ ሐኪም ነው።

መጀመሪያ በክፍሉ የገቡት ድንቢጦችና ሌሎች እንስሳት ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ፤ እኔ ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። በኋላ ግን ቤር ራሱ ገባ። አየሩ ሲሳሳ ልቡ ፈጥኖ መታ፣ ሐሳቡም ደከመ፤ ኦክሲጅን በሳበ ጊዜ ግን የክፍሉ አየር እንደ ሳሳ ሳለ ሕመሙ ለቀቀው። የጐደለው ኦክሲጅን መሆኑ በዚህ ታወቀ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በአየሯ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ እንደ ጅቡቲ ወደብ ከመቶ 21 እጅ ቢሆንም፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ከዐሥር ሰባት እጅ ያህሉን ብቻ ነው።

አፕሪል 15 ቀን 1875 ክሮቼ ስፒኔሊ፣ ሲቬልና ቲሳንዲዬ ዜኒት በተባለ ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። ቤር የያዙት ኦክሲጅን እንደማይበቃ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ግን ሳይደርሳቸው ተነሡ። ኦክሲጅኑ በአጠገባቸው ሳለ ሰውነታቸው ስለዛለ ሊጠቀሙበት አልቻሉም። ሁለቱ ሞቱ፤ ቲሳንዲዬ ብቻ ጆሮው ደንቍሮ ተረፈ።

ቤር በ1878 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ኦክሲጅን ሲበዛም መርዝ ሆኖ እንስሳን እያንቀጠቀጠ እንደሚገድል ገለጠ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ የተሸፈነባቸውን ሕዋሳት መረመሩ። ኦክሲጅን ሲያንስ እነዚህ ሕዋሳት የደም ሥሩ እንዲሰፋ ያደርጋሉ፤ እጦቱ ሲቈይም አዲስ ቀጫጭን የደም ሥር እንዲበቅል ይረዳሉ፤ በሳንባ ውስጥ ግን የደም ሥሩ ይጠብባል። ደም ተቋርጦ የነበረበት ሥጋ ኦክሲጅን በድንገት ሲመለስለትም ሕዋሳቱ ተጐድተው ያብጣሉ። የልብና የአንጐል ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጨነቁበት ነገር ነው።

ቤር በ1881 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ1886 ፈረንሳይ በኃይል የያዘችውን የቬትናምን አገር እንዲገዛ ተልኮ፣ በዚያው ዓመት ሐኖይ ላይ በተቅማጥ ሞተ። ለሳይንሱ ባመሰግነውም ለዚህ ሹመቱ ግን አላመሰግነውም።

ከመሞቱ በፊት በ1882 ከቦሊቪያ ደጋ የመጣ የእንስሳት ደም መርምሮ፣ ኦክሲጅን የመያዝ ኃይሉ የበለጠ ሆኖ አግኝቶት ነበር። በ2002 ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ግን፣ በስሜን አምባራስ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የደማቸው ሄሞግሎቢን በቈላ እንደሚኖር ሰው ያህል ሆኖ፣ ኦክሲጅኑም ሳይጐድል መገኘቱን አሳየ።