ዋልድማየር፦ የጋፋቱ ባለሙያ
ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወለደ። ወንጌል ሊሰብክ ሀገራችን መጥቶ የአፄ ቴዎድሮስ ባለሟል የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ኑሮውንም ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አደረገ። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ የፈለጉት እጁን ነበርና መድፍ እንዲሠራ አዘዙት። እሱም ሆነ ጓደኞቹ ብረት ማቅለጥ የት ያውቁና! እየከሸፈባቸው ተማሩት፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

በ1860 ዓ.ም. መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ በጋይንት አልፎ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሲሞቱ ዋልድማየር ቤተሰቡን ይዞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጣ። በ1873 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ፣ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን የአስፉሪዬን ሆስፒታል መሠረተ። በ1915 እ.ኤ.አ. አረፈ። እኛ በመድፉ እናስታውሰዋለን፤ ሊባኖሶች ግን በትምህርት ቤቱና በሆስፒታሉ።