ሬኔ ሆል

ሬኔ ጆሴፍ ሆል (ሴፕቴምበር 26 ቀን 1912 – ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የባንጆ፣ የጊታርና የትሮምቦን ተጫዋች እንዲሁም የሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ከተቀረጹት ዝነኛ ዘፈኖች ጥቂት የማይባሉት በእርሱ እጅ አልፈዋል። በሪቺ ቫለንስ «ላ ባምባ» ላይ ተጫውቷል። የሳም ኩክን «ዩ ሴንድ ሚ» እና «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም» ደግሞ ያቀናበረው እርሱ ነው። ዘፋኞቹን ዓለም ያውቃቸዋል፤ የሆልን ስም ግን ከሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪዎችና ከሸክላ ሰብሳቢዎች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ሆል የተወለደው በሉዊዚያና ክፍለ አገር፣ ከኒው ኦርሊንስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ሞርጋን ሲቲ ከተማ ነው። ሙዚቃን በባለሙያነት የጀመረው በባንጆ ሲሆን፣ በ1933 ከፒያኖ ተጫዋቹ ጆሴፍ ሮቢሾ የኒው ኦርሊንስ ባንድ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሸክላ አስቀርጿል።

ባንጆ በዚያን ጊዜ የጃዝ ባንዶች ዋና ምት ጠባቂ ነበር። የኤሌክትሪክ ማጉያ ባልተስፋፋበት ዘመን ድምፁ በመለከትና በትሮምቦን መካከል ሰንጥቆ ይሰማል። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ጊታር ቦታውን ወሰደበትና ባንጆ ብቻ የሚያውቁ ብዙ ሙዚቀኞች ሥራ አጡ። ሆል ግን ጊታር ያዘ፤ ትሮምቦንም ተማረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኖታ መጻፍ ቻለ። በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል እንጀራ የሆነው ይህ የመጨረሻው ችሎታ ነው።

በ1930ዎቹ የኦክላሆማዋን ቱልሳ መነሻው አድርጎ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሚጫወተው በኧርኒ ፊልድስ ኦርኬስትራ ውስጥ በተጫዋችነትና በአቀናባሪነት ሠራ። በ1940ዎቹ ደግሞ ወደ ዝነኛው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ኧርል ሃይንስ ባንድ ገባ። ትልልቆቹ ባንዶች ከጦርነቱ በኋላ ሲበታተኑ በኒው ዮርክ የራሱን ትንሽ ባንድ አቋቁሞ ሸክላዎች አወጣ፤ ከቢሊ ዋርድና ዶሚኖስ ከተባለው የድምፃውያን ቡድን ጋርም በጊታር ተጫዋችነት አገልግሏል።

ሎስ አንጀለስ

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሆል ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ጊዜው የተመቸ ነበር። በከተማዋ የጥቁሮችና የነጮች ተብለው ተለያይተው የቆዩት የሙዚቀኞች ማኅበራት በ1953 ተዋህደዋል፤ ትንንሽ የሸክላ ኩባንያዎችም እንደ አሸን ፈልተዋል። እነዚህ ኩባንያዎች ወጣት ዘፋኝ ማግኘት አይከብዳቸውም። የሚቸግራቸው ዘፋኙ በጊታር እያንጎራጎረ የሚያመጣውን ዜማ በሦስት ሰዓት ውስጥ ለገበያ የሚበቃ ሸክላ የሚያደርግላቸው ሰው ነው።

የሦስት ሰዓቱ ነገር ለአባባል የተነገረ አይደለም። በማኅበሩ ደንብ አንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን እስከ አራት ዘፈን ይሠራበታል። ሙዚቀኛው የሚከፈለው በክፍለ ጊዜ ነው። ሸክላው አንድ ሺህም ይሸጥ አንድ ሚሊዮን፣ የተጫዋቹ ክፍያ ያው ነው። ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኙት ዘፋኙ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አሳታሚውም ናቸው። አቀናባሪው መግቢያውን ቢፈጥር፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን መልስ ቢጽፍ፣ ዘፈኑ የሚታወቅበትን ምት ቢያመጣ እንኳ እንደ ደራሲ አይቆጠርም። በትንሿ ሸክላ ላይ የተጫዋቾቹን ስም ማስፈርም በዚያን ጊዜ ልማድ አልነበረም። የሆል ስም የጠፋው ሰው ስለበደለው ሳይሆን ሙያው ራሱ እንዲህ ሆኖ ስለተዋቀረ ነው ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ስቱዲዮዎች ሆል ደጋግሞ አብሯቸው የሠራ ጥቂት ባልደረቦች ነበሩት። ድራም ተጫዋቹ ኧርል ፓልመርና ሳክስፎን ተጫዋቹ ፕላስ ጆንሰን እንደ እርሱ የሉዊዚያና ልጆች ናቸው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ኧርኒ ፍሪማን ደግሞ ከክሊቭላንድ የመጣ ነው። ሁሉም ጃዝ ያውቃሉ፤ ኖታ ያነባሉ፤ ነገር ግን ለአሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ልጆች የሚሸጠውን ሮክ ኤንድ ሮል ሲጫወቱ አይንቁትም ነበር።

ሆል በራሱ ስም ያወጣቸውም አሉ። በ1957 በስፔሻልቲ ኩባንያ የታተመው «ትዊቺ» የተባለው ያለ ድምፅ የተሠራ ሙዚቃ ዩኒታር የተሰኘ ባለ አንድ ክር የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሰማበት በመሆኑ እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ይፈለጋል። በገበያ ግን አልተሳካለትም።

የተሳካለት በሌላ ሰው ስም የወጣው ነው። በ1959 ራንዴቩስ የተባለው ኩባንያ የግሌን ሚለርን የቆየ ሙዚቃ «ኢን ዘ ሙድ»ን በሮክ ምት አሳተመ። ሸክላው በአሜሪካ ሠንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጣ። የተጻፈበት ስም የኧርኒ ፊልድስ ኦርኬስትራ ነው። ፊልድስ የሆል የቀድሞ አለቃ ሲሆን፣ በሸክላው ላይ የተጫወቱት ግን ሆልና የስቱዲዮ ባልደረቦቹ ነበሩ። ይኸው ኩባንያ ለስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ ቢ. በምብል ኤንድ ዘ ስቲንገርስ የሚል የፈጠራ ስምም አወጣ። በዚህ ስም ከቻይኮቭስኪ ሙዚቃ ተወስዶ የተሠራው «ነት ሮከር» በ1962 በብሪታንያ 1ኛ ሆነ፤ ለቀረጻው ፒያኖ ተጫዋቹን አል ሄዘንን በጥድፊያ የጠራው ሆል ነበር። ሕዝቡ ባንዱን በመድረክ ለማየት ሲፈልግ ደግሞ በሸክላው ላይ ያልነበሩ ወጣቶች ተሰብስበው በዚያው ስም ተላኩ።

«ላ ባምባ»

በ1958 ቦብ ኪን የተባለ አሳታሚ ሪቺ ቫለንስ ለተባለ የ17 ዓመት ልጅ ሸክላ ለማስቀረጽ እነዚህን ሙዚቀኞች ሆሊውድ ውስጥ ወደሚገኘው ጎልድ ስታር ስቱዲዮ ጠራ። ዘፈኑ በሜክሲኮ የቬራክሩዝ አካባቢ በሠርግ የሚዘፈን የቆየ ባህላዊ ዜማ ነበር። ቫለንስ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው የካሊፎርኒያ ልጅ ቢሆንም ስፓኒሽ አቀላጥፎ አይናገርም ነበር።

በቀረጻው በዲ ክላርክ ትልቁን የእንጨት ቤዝ ሲጫወት፣ ሆል ዳንኤሌክትሮ የተባለ ባለ ስድስት ክር የኤሌክትሪክ ቤዝ ያዘ። ይህ መሣሪያ ከመደበኛው ጊታር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚቃኝ ሲሆን፣ በመግረፊያ ሲመታ ጥርት ያለና ሹል ድምፅ ይሰጣል። የእንጨቱ ቤዝ ወፍራምና ለስላሳ በመሆኑ በትንንሽ ራዲዮኖች ላይ ይሰወራል፤ የሆል መሣሪያ ሲጨመርበት ግን የቤዙ መስመር እንደ ዜማ ጎልቶ ይሰማል። «ላ ባምባ»ን የሚያውቅ ሰው ከቃላቱ በፊት የሚያንጎራጉረው ይህንኑ ተደጋጋሚ ሐረግ ነው።

ዘፈኑ የወጣው «ዶና» በተባለው ዘፈን ሁለተኛ ገጽ ሲሆን በአሜሪካ 22ኛ ደረጃ ደርሷል። ቫለንስ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከሳም ኩክ ጋር

የሆል ሥራ ጥልቀት በተሻለ የሚታየው ግን ከሳም ኩክ ጋር ባሳለፋቸው ሰባት ዓመታት ነው። ኩክ በመንፈሳዊ መዝሙር ታዋቂ ሆኖ ሳለ በ1957 ወደ ዓለማዊ ዘፈን ለመሻገር ወሰነ። በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ይህ እንደ ክህደት የሚቆጠር እርምጃ ነበር። ሆል «ዩ ሴንድ ሚ»ን ሲያቀናብርለት ቀላል ምት፣ ሁለት ጊታርና ለስለስ ያሉ ነጭ ተቀባዮች ብቻ አደረገበት። የስፔሻልቲ ኩባንያ ባለቤት አርት ሩፕ ቀረጻው ላይ ደርሶ ተቀባዮቹን ሲሰማ ተቆጣ። ከኩክ የፈለገው ሞቅ ያለ የጥቁሮች ሙዚቃ እንጂ እንዲህ ያለ ጨዋ ነገር አልነበረም። በዚህ ምክንያት ፕሮዲውሰሩ በምፕስ ብላክዌል የሚገባውን ገንዘብ ትቶ ቅጂዎቹንና ዘፋኙን ይዞ ወጣ። ዘፈኑ ኪን በተባለ አዲስ ኩባንያ ታትሞ በ1957 መጨረሻ በአሜሪካ የፖፕም የሪትም ኤንድ ብሉዝም ሠንጠረዥ 1ኛ ሆነ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። ያስቆጣው ቅንብር ነው ዘፈኑን በሁሉም ቤት ያስገባው።

ኩክ ኖታ አያነብም ነበር። የሚፈልገውን የቫዮሊን ወይም የትንፋሽ ሐረግ በአፉ እያንጎራጎረ ያሰማል፤ ሆልም ሰምቶ ይጽፈዋል። «ትዊስቲን ዘ ናይት አዌይ» እና «ብሪንግ ኢት ኦን ሆም ቱ ሚ» (ሁለቱም 1962) ሆል ያቀናበራቸው ናቸው። የሁለተኛው ቫዮሊኖች ከኩክና ከሉ ሮልስ ድምፅ ጀርባ ዝቅ ብለው መቆየታቸው ሆል መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንደነበር ያሳያል።

በ1963 መገባደጃ ላይ ኩክና ባልደረቦቹ በሉዊዚያናዋ ሽሪቭፖርት ከአንድ ሆቴል በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ተመልሰው፣ ከዚያም በፖሊስ ተይዘው ነበር። ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የጻፈው ዘፈን ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይለያል። ለሆል ሲሰጠውም እንደ ወትሮው ምንም አላንጎራጎረለትም፤ እንደፈለገ እንዲያደርገው ተወለት። ሆል ለዚህ ዘፈን ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በራሱ አገላለጽ በሕይወቱ ትልቁ ሥራ እንዲሆን ነበር የተመኘው። የሉዊዚያና ጥቁር ልጅ በመሆኑ ዘፈኑ ስለምን እንደሚናገር ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር።

«ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም» የተቀረጸው ጃንዋሪ 30 ቀን 1964 በሆሊውድ አርሲኤ ስቱዲዮ ነው። ሆል የጻፈው እንደ ፊልም ሙዚቃ ያለ ቅንብር ነበር። በቫዮሊኖች ከፍታ ይከፈታል፤ ፍሬንች ሆርን በሐዘን ይመልሳል፤ እያንዳንዱ የዘፈኑ ክፍል የራሱ ቀለም አለው፤ ነገሩ ሲከብድ ቲምፓኒ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይገባል። ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ድራም ተጫዋች የኦርኬስትራውን ብዛትና የኖታውን ክብደት አይቶ ከመቆጣጠሪያው ክፍል አልወጣም አለ፤ ጎረቤት ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ኧርል ፓልመር ተጠርቶ ቦታውን ሸፈነ።

ኩክ ዘፈኑን በቴሌቪዥን መድረክ ያቀረበው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ቅጂው ጠፍቷል። ቅንብሩ ብዙ ሙዚቀኛ ስለሚጠይቅ በየመድረኩ ይዞት ሊዞር አልቻለም። ዲሴምበር 11 ቀን 1964 ኩክ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከ11 ቀን በኋላ ዘፈኑ «ሼክ» በተባለው ዘፈን ሁለተኛ ገጽ ሆኖ ለራዲዮ ወጣ፤ ከመሃል ከተማና ከሲኒማ ቤት መባረርን የሚያነሳው ክፍል ግን ከዚህ ቅጂ ተቆርጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለዜጎች መብት ይታገሉ ለነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን እንደ መዝሙር ሆነ።

በኋለኞቹ ዓመታት

ከኩክ ሞት በኋላ ሆል በስቱዲዮ ሥራ ቀጠለ። የሙዚቃው ስልት ሲለወጥ አብሮ የመለወጥ ልማዱ አልተወውም፤ በ1973 ለወጣው የማርቪን ጌይ «ሌትስ ጌት ኢት ኦን» አልበም ካቀናበሩት ሰዎች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ባንጆ ይዞ ኒው ዮርክ ከገባ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ1987 የሪቺ ቫለንስን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ወጣ። ሎስ ሎቦስ የተባለው ባንድ ለፊልሙ እንደገና የተጫወተው «ላ ባምባ» በአሜሪካና በብሪታንያ 1ኛ ደረጃ ያዘ። ሆል በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ 11 ቀን በ75 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ አረፈ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ሊቆዩ የሚገባቸውን የድምፅ ቅጂዎች በሚመዘግብበት ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም» በሳም ኩክ ስም፣ «ላ ባምባ» ደግሞ በሪቺ ቫለንስ ስም ገብተዋል።