ግንቡን ሠርቶ ዕድሜውን በግዞት የጨረሰው የኦካያማ ጌታ

ጃፓን ገብታችሁ ከቶኪዮ በሺንካንሰን፣ በዚያ እንደ ጥይት በሚወነጨፈው ባቡር፣ ወደ ምዕራብ ከተጓዛችሁ ከሦስት ሰዓት ከምናምን በኋላ ኦካያማ ትደርሳላችሁ። ኦካያማ ባቡር የሚቀየርባት ከተማ ናት። ወደ ሂሮሺማ የሚሄድ በዚህ ያልፋል፤ የባሕሩን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሺኮኩ ደሴት የሚሄድም ከዚህ ይነሳል። ከቶኪዮ ማታ የሚነሳው የመኝታ ባቡር ደግሞ ጠዋት እዚህ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ወደ ሺኮኩ፣ ግማሹ በሰሜን በኩል ወዳለው ወደ ኢዙሞ ይቀጥላል። ስለዚህ ብዙ ተጓዥ የሚያውቀው ጣቢያዋን ብቻ ነው። ባቡር ቀይሮ ውልቅ!

እኛ ዛሬ ከጣቢያው እናወጣችኋለን። ትራም ተሳፍራችሁ ሺሮሺታ የሚባለው ፌርማታ ላይ ውረዱ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ስትሄዱ ወንዝ ዳር የቆመ ጥቁር ግንብ ታያላችሁ። ከጥቁረቱ የተነሳ የቁራ ግንብ ይሉታል። ያሠራው ሰው ኡኪታ ሂዴዬ ይባላል፤ የዛሬው ታሪካችንም የእሱ ነው።

ሂዴዬ በ1572 ተወለደ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምንጠቅሰው)። በሴራው ስሙ የሚነሳው አባቱ ናኦዬ ሲሞት ልጁ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ያን ጊዜ ጃፓንን በአንድ እጅ ለማስገባት ይዋጋ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ልጁን እንደራሱ ልጅ አድርጎ አሳደገው። ከራሱ ስም የመጀመሪያውን ክፍል ቆርሶ ሰጠው። የማደጎ ልጁን ጎሂሜንም ዳረለት። ጎሂሜ የኃያሉ የማኤዳ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ይቺን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ሂዴዬ እንግዲህ በሃያዎቹ ዕድሜው አገሪቱን ከሚመሩት አምስት ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ሆነ። ሂዴዮሺ ኮሪያን ሲወር ጦሩን ከመሩት ዋና ዋና አዛዦች መካከልም ነበር። ኮሪያዎች ያንን ወረራ እስከ ዛሬ በመራራው ነው የሚያስታውሱት፤ ስለዚህ ሰውዬውን መልአክ አድርገን አንስልላችሁም። በዚያው ዘመን ግን ኦካያማ ላይ ግንቡን ያስገነባ ነበር። የአሳሂ ወንዝን ጠምዝዞ በግንቡ ሥር እንዲያልፍ አደረገው፤ ወንዙ መከላከያ ሆነለት። በግንቡ ዙሪያ ነጋዴና ባለሙያ ሰፈረ፣ ከተማም ተፈጠረች። ግንቡ በ1597 አለቀ።

ስንት ጊዜ ገዛበት መሰላችሁ? ሦስት ዓመት።

በ1598 ሂዴዮሺ ሞተ። ወራሹ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ሥልጣኑን ወደ ራሱ መሳብ ጀመረ፤ ሂዴዬም ላሳደገው ሰው ቤት ወግኖ ቆመ። የራሱ ባለሟሎች እርስ በርስ ተጣልተው ከፊሎቹ ጥለውት ቢሄዱም፣ በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ ወደ 17,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ ተሰለፈ። በእሱ ወገን ትልቁ ጦር ይኸው ነበር። እስከ ቀትር ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ አልለየም። ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሲያይ የቆየው ኮባያካዋ ሂዴአኪ ከነጦሩ ከድቶ ወዳጆቹን ወጋ። ሂዴአኪ ማን ነው? እሱም እንደ ሂዴዬ በሂዴዮሺ ቤት ያደገ ልጅ ነው! ውጊያው በዚያው ዕለት አለቀ። የክህደቱ ዋጋ ሆኖ ለሂዴአኪ የተሰጠው ደግሞ ኦካያማ ነው፤ የሂዴዬ ግንብ። ሁለት ዓመት ተቀምጦበት በወጣትነቱ ሞተ።

በነገራችን ላይ ከቶኪዮ የተሳፈራችሁበት ሺንካንሰን ከናጎያ ወደ ኪዮቶ ሲሄድ በዚሁ በሴኪጋሃራ ነው የሚያልፈው። ስልካችሁ ላይ ካቀረቀራችሁ አመለጣችሁ።

ሂዴዬ ተደብቆ ደቡብ ጃፓን ድረስ ሸሸ። የሳትሱማዎቹ ጌቶች ሸሸጉት፤ ከኢዬያሱ ጋር ሲታረቁ ግን በ1603 አስረከቡት። መሞት ነበረበት። ሳትሱማዎቹና የሚስቱ ቤተሰቦች ስለማለዱለት ነፍሱ ተረፈች፤ በ1606 ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ከቶኪዮ በስተደቡብ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው የሃቺጆጂማ ደሴት ተጋዘ። ጎሂሜ አብራው እንድትሄድ አልተፈቀደም። ወደ ቤተሰቦቿ ከተማ ወደ ካናዛዋ ተመለሰች። ማኤዳዎች ግን በመንግሥት ፈቃድ ሩዝ፣ ልብስና መድኃኒት በመርከብ ይልኩለት ነበር። እሷ በ1634 ሞተች። አልተገናኙም። ቤተሰቦቿ ግን መላኩን አላቋረጡም፤ ለልጅ ልጆቹም ጭምር፣ ዘሮቹ ነፃ እስከወጡበት እስከ 1869 አካባቢ ድረስ።

ሂዴዬ ደሴቱ ላይ ወደ 50 ዓመት ኖረ። ያሸነፈው ኢዬያሱ በ1616 ሞተ፤ ልጁም፣ የልጅ ልጁም በተራ ነግሠው ሄዱ። ሂዴዬ በ1655 ሰማንያውን አልፎ ሲያርፍ በሥልጣን ላይ የነበረው የኢዬያሱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ከሴኪጋሃራ ታላላቅ ጌቶች የመጨረሻው ሟች እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ግንቡስ? በሰኔ 1945 በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተቃጠለ። ዛሬ የምታዩት በ1966 በኮንክሪት የተሠራው ነው፤ አሳንሰር ሁሉ አለው። ይሄ ቅር የሚያሰኛቸው ጎብኚዎች አሉ፣ አንፈርድባቸውም። እኛ የምንመክራችሁ ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን የግርጌውን ድንጋይ እንድታዩ ነው፤ በሂዴዬ ዘመን የተካበ ግድግዳ አሁንም አለ። ወንዙም እሱ በቀየሰለት መንገድ እየፈሰሰ ነው። ማዶ ያለው ዝነኛው የኮራኩኤን መናፈሻ ከእሱ በኋላ በመጡ ገዢዎች በ1700 ያለቀ ነው።

ሃቺጆጂማ ግን ባቡር የለም። ከቶኪዮ በአውሮፕላን ወይም ሌሊቱን በመርከብ ተጉዛችሁ ከደረሳችሁ የሂዴዬ መቃብር አለ። ባሕሩ ዳር፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ፣ የሂዴዬና የጎሂሜ ሐውልት ጎን ለጎን ተቀምጧል። ፊታቸውን ወደ ኦካያማ አዙረዋል።