ሮጀር ዊሊያምስ፦ ለተቃዋሚዎቹም ነጻነትን የፈለገ ሰባኪ

በክርስትና ታሪክ ውስጥ ደጋግመን የምናየው አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። ስለ እምነቱ የተሰደደ ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ ሥልጣን ሲያገኝ በተራው ሌላውን ያሳድዳል። ትናንት በወኅኒ ሆኖ ስለ ነጻነት የጸለየ ሰው፣ ዛሬ ቁልፉ በእጁ ሲገባ በሩን በሌላው ላይ ይቆልፋል። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮጀር ዊሊያምስ ከዚህ መንገድ ፈቀቅ ካሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። እርሱ በአሜሪካ ትንሿ ግዛት የሆነችው የሮድ አይላንድ መሥራች ነው። የሰውዬው ሕይወትና የግዛቲቱ ታሪክ የተሳሰሩ ስለ ሆኑ አንዱን ያለ ሌላው መተረክ ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከለንደን እስከ ቦስተን

ሮጀር ዊሊያምስ በ1603 አካባቢ በለንደን ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ሰር ኤድዋርድ ኮክ የተባለው ታዋቂ የሕግ ሊቅ ተሰጥኦውን አይቶ ወደደው፤ እንዲማርም ረዳው። በ1627 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከዚያም በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ቤት ቄስ ሆኖ አገለገለ፤ በ1629 ሜሪ ባርናርድን አገባ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የቤተ ክርስቲያንም የበላይ ነበረ። የለንደኑ ጳጳስ ዊሊያም ላውድ የአምልኮ ሥርዓቱ እንዲታደስ የሚጠይቁትን ፒዩሪታን የተባሉ አማኞች አጥብቆ ይከታተል ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ዊሊያምስና ባለቤቱም በታኅሣሥ 1630 በመርከብ ተሳፍረው በየካቲት 1631 ቦስተን አካባቢ ደረሱ።

የቦስተን ቤተ ክርስቲያን ይህን የተማረ ወጣት በደስታ ተቀብላ እንዲያስተምር ጠራችው። ለስደተኛ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። እርሱ ግን ጥሪውን አልተቀበለም። ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፈጽማ አልተለየችም ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ በኋላ በሴለምና በፕሊማውዝ አገለገለ፤ በ1633 ወደ ሴለም ተመለሰ።

ያስከሰሰው ትምህርት

ማሳቹሴትስን የመሠረቱት ፒዩሪታኖች እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ እነርሱም የመንግሥትን ሰይፍ ለእምነት ጉዳይ ተጠቀሙበት። የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ሰው ሁሉ ግን፣ አመነም አላመነም፣ ወደ አምልኮ እንዲመጣ ይገደድ ነበር።

ዊሊያምስ ይህን ተቃወመ። እንደ እርሱ አስተምህሮ፣ ሹማምንት ገዳይን፣ ሌባን፣ አመንዝራንና ሐሰተኛ ምስክርን ሊቀጡ ይችላሉ። ሰው ለአምላኩ ያለውን ግዴታ በሚመለከቱት በመጀመሪያዎቹ አራት ትእዛዛት ግን ሊፈርዱበት አልተሾሙም። በእግዚአብሔር ስም መማል ራሱ አምልኮ ስለ ሆነ፣ ያላመነን ሰው አስገድዶ ማስማል የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ማስጠራት ነው አለ። በተጨማሪም መሬቱ የአገሩ ተወላጆች የሕንዶቹ ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ የራሱ ያልሆነውን መሬት በደብዳቤ ሊሰጥ አይችልም ብሎ ተናገረ። ይህ የመጨረሻው ነገር የሰፋሪዎቹን መኖሪያ መሠረት የሚነካ ስለ ነበረ እጅግ አስቆጣቸው።

በጥቅምት 1635 የማሳቹሴትስ ሸንጎ ከቅኝ ግዛቱ እንዲባረር ፈረደበት። ታምሞ ስለ ነበረ እስከ ጸደይ ድረስ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ይኸውም ትምህርቱን እንዳያሰራጭ ተነግሮት ነው። እርሱ ግን ሰዎች በቤቱ እየተሰበሰቡ ማስተማሩን ቀጠለ። ስለዚህ ይዘው በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሊልኩት ወሰኑ። በዚያው ወራት ሜሪ ሁለተኛ ልጃቸውን ወልዳ ነበር። ስምዋንም ፍሪቦርን አሏት፤ ነጻ ሆና የተወለደች ማለት ነው።

በበረዶ መካከል

የቀድሞው ገዢ ጆን ዊንትሮፕ በትምህርቱ ባይስማማም ይወደው ነበርና፣ ወደ ናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ እንዲሸሽ በምስጢር መከረው። በጥር 1636 ዊሊያምስ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ትቶ በከባድ በረዶ ውስጥ ብቻውን ወጣ። ራሱ በኋላ እንደ ተረከው ለ14 ሳምንታት ያህል አልጋና እንጀራ የሚባል ነገር አላየም።

ታዲያ ማን አስጠጋው? ክርስቲያን ወንድሞቹ ሲያባርሩት በሕንዶቹ ጎጆ ተጠለለ። ቋንቋቸውን አስቀድሞ ተምሮ ነበር፤ የዋምፓኖአግ ሕዝብ አለቃ ማሳሶይትም ወዳጁ ነበረ። በጸደይ ወራት ሲኮንክ በተባለ ስፍራ ዘርቶ ቤት መሥራት ጀመረ። ነገር ግን የፕሊማውዝ ሰዎች ስፍራው በክልላቸው ውስጥ መሆኑን በመልካም አንደበት ነግረው ወንዙን እንዲሻገር ጠየቁት። የዘራውን ትቶ ተሻገረ። ከናራጋንሴት አለቆች ከካኖኒከስና ከሚያንቶኖሚ መሬት ተቀብሎ መንደር መሠረተ። በመከራው ሁሉ እግዚአብሔር እንደ ጠበቀው ለማሰብ ስፍራውን ፕሮቪደንስ አለው፤ የእግዚአብሔር መግቦት ማለት ነው።

ያባረሩት ሰዎች ብዙም ሳይቆይ የእርሱን እርዳታ ፈለጉ። ፒኩዎት የተባሉት ሕንዶች ናራጋንሴቶችን ይዘው በእንግሊዛውያን ላይ ሊነሡ በዶለቱ ጊዜ፣ ማሳቹሴትስ ወደ ዊሊያምስ መልእክት ላከች። እርሱም ቂም ሳይይዝ በማዕበል መካከል ታንኳ እየቀዘፈ ወደ ናራጋንሴት አለቆች ሄደ፤ ከፒኩዎቶች ጋር እንዳያብሩም አግባባቸው።

በእምነት ጉዳይ ማንም አይገደድም

በ1637 የፕሮቪደንስ ነዋሪዎች የተፈራረሙት ስምምነት አጭር ነበር። በብዙኃኑ ውሳኔ ሊታዘዙ ተስማሙ፤ ግን በመንግሥታዊ ጉዳይ ብቻ። እምነትን የሚመለከት ቃል በውስጡ አልነበረም። በ1638 ይህ ነገር ተፈተነ። አንድ ነዋሪ ሚስቱን ወደ ስብከት እንዳትሄድ በከለከላት ጊዜ የመንደሩ ጉባኤ የሕሊናን ነጻነት ጥሰሃል ብሎ የመምረጥ መብቱን ወሰደበት። በዚያ ዘመን ለአንዲት ሚስት ሕሊና የቆመ ሸንጎ ማግኘት ብርቅ ነበር። በዚሁ ዓመት በማሳቹሴትስ በትምህርትዋ የተባረረችው አን ሃቺንሰንና ተከታዮቿ በአቅራቢያው ባለው ደሴት ላይ ፖርትስማውዝን መሠረቱ።

በ1638 ገደማ ዊሊያምስ በአማኝነት ተጠመቀ፤ ሌሎችንም አጠመቀ። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በዚህ ሁኔታ ነው። እርሱ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ከማኅበሩ ወጣ። ጌታ አዲስ ሐዋርያትን እስኪልክ ድረስ ጥምቀትና የጌታ እራት የሚፈጽም ሥልጣን ያለው ቤተ ክርስቲያን በምድር ላይ የለም ብሎ ደመደመ። በዚህ ልንከተለው አንችልም፤ ጌታ ቤተ ክርስቲያኑን ያለ ምስክር እንዳልተዋት እናምናለንና። ሆኖም ራሱ ትቶት የወጣውን ማኅበር አልተቃወመም።

በ1643 የአካባቢው ጎረቤት ግዛቶች መሬቱን እንዳይነጥቁ ሕጋዊ ፈቃድ ለማግኘት ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። በመንገድ ላይ ስለ ናራጋንሴት ቋንቋ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በዚያው ዓመት አሳተመ። በ1644 ፈቃዱን ከፓርላማ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ስለ ሕሊና ነጻነት የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ፤ ፓርላማውም እንዲቃጠል አዘዘ። በመጽሐፉ ውስጥ ዋና መከራከሪያው በማቴዎስ 13 ያለው የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ ነበረ። እርሻው ዓለም ነው፤ ጌታም ሁለቱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ብሎአል። እንግዲህ ሰው በእምነቱ ስሕተት ቢኖርበት የመንግሥት ሰይፍ አይንቀለው አለ። ቤተ ክርስቲያን ግን በአባልዋ ላይ በቃልና በሥነ ሥርዓት ልትፈርድ ትችላለች። ይህን የጻፈው እውነትና ሐሰት እኩል ናቸው ብሎ ስላሰበ አይደለም። በግድ የሚደረግ አምልኮ በእግዚአብሔር ፊት እንደሚሸት ስላመነ ነው።

በ1651 የባፕቲስቱ ሰባኪ ኦባዲያ ሆልምስ ስለ እምነቱ በቦስተን 30 ጅራፍ ተገረፈ። ዊሊያምስ ወዲያው ለማሳቹሴትስ ገዢ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ፈቃድ አደጋ ላይ በመውደቁ፣ የሚተዳደርበትን የንግድ ስፍራ ሸጦ ከሐኪሙና ከሰባኪው ከጆን ክላርክ ጋር እንደገና ወደ እንግሊዝ ሄደ። በ1654 ተመልሶ የግዛቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

አንዳንዶች ነጻነትን ሥርዓት አልባነት አድርገው ባሰቡ ጊዜ በምሳሌ መለሰላቸው። በአንድ መርከብ ላይ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም፣ አይሁዳዊም፣ ሙስሊምም ቢሳፈሩ ማንም ወደ ጸሎት አይገደድም፤ ከራሱም ጸሎት አይከለከልም። መርከቡን የሚመራው ግን ካፒቴኑ ነው፤ የሚያምፀውንና ሥራውን እምቢ የሚለውን ሊቀጣ ይችላል።

ትልቁ ፈተና

ሰው ለነጻነት ያለው ፍቅር የሚፈተነው ከማይስማማው ሰው ጋር ሲገናኝ ነው። ዊሊያምስ የኩዌከሮችን ትምህርት ፈጽሞ አይቀበልም ነበር። የውስጥ ብርሃን ስለሚሉት ነገር የሚሰጡት ትምህርት ቅዱሳት መጻሕፍትን ዝቅ ያደርጋል ብሎ ያምን ነበር። በ1657 ጎረቤት ግዛቶች ሮድ አይላንድ ኩዌከሮችን እንድታባርር ቢጠይቁም አላባረረችም። ከ1659 እስከ 1661 ባለው ጊዜ ቦስተን አራት ኩዌከሮችን ሰቀለች፤ ከእነርሱም አንዷ የሮድ አይላንድ ነዋሪ የነበረችው ሜሪ ዳየር ናት።

ዊሊያምስ በ1672፣ ወደ 70 ዓመት ሲጠጋ፣ ኩዌከሮችን ለመከራከር ከፕሮቪደንስ እስከ ኒውፖርት ራሱ ጀልባ እየቀዘፈ ሄደ። ለቀናት በብርቱ ቃል ተከራከራቸው፤ በኋላም መጽሐፍ ጻፈባቸው። ነገር ግን አንዳቸውንም ለሹም አሳልፎ አልሰጠም። ስሕተትን ዝም አላለም፤ የሚሳሳተውን ሰውም አላሰረም።

ጆን ክላርክ በእንግሊዝ ቆይቶ በ1663 ከንጉሥ ቻርለስ ሁለተኛ ያገኘው ፈቃድ ይህንኑ ነጻነት በሕግ አጸና። ሰላም እስካላወከ ድረስ ማንም በሃይማኖት አሳቡ ምክንያት እንዳይቀጣ ደነገገ። ይህ ሰነድ እስከ 1843 ድረስ የግዛቲቱ ዋና ሕግ ሆኖ አገልግሏል።

ጥላ ያለበት መጨረሻ

መጽሐፍ ቅዱስ የአባቶችን ድካም አይሸሽግም፤ እኛም የዊሊያምስን ልንሸሽግ አይገባም። በ1675 በእንግሊዛውያንና በሕንዶች መካከል አስከፊ ጦርነት ተነሣ። በመጋቢት 1676 ፕሮቪደንስ ተቃጠለች፤ የዊሊያምስም ቤት አብሮ ነደደ። ለ40 ዓመታት ሰላም እንዲሆን የደከመው ሽማግሌ በሚሊሻው ውስጥ ካፒቴን ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅም ምርኮኛ ሕንዶችን ለተወሰኑ ዓመታት በባርነት እንዲያገለግሉ ባከፋፈለው ኮሚቴ ውስጥ ስሙ ይገኛል። በበረዶ ቀን ያስጠጉትን ሰዎች ወገኖች እንዲህ ማድረጉ ልብ ያሳዝናል። ከእርሱ በኋላ በ18ኛው መቶ ዘመንም የሮድ አይላንድ ነጋዴዎች በባሪያ ንግድ ቀዳሚ ሆኑ። መርከቦቻቸው ያጓጓዟቸው አፍሪካውያን ከ100,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ለሕሊና ነጻነት የቆመ ምድር የሰውን አካል ሸጠ።

ሮጀር ዊሊያምስ በ1683 መጀመሪያ ላይ በድህነት ሞተ። የዘራው ዘር ግን አልሞተም። በ1763 በኒውፖርት የተመረቀው የአይሁድ ምኩራብ ዛሬም ቆሞ አለ። ሮድ አይላንድ ከ13ቱ የመጀመሪያ ግዛቶች መጨረሻ ላይ፣ በግንቦት 1790 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ተቀበለች። በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያም መንግሥት ሃይማኖትን እንዳይደነግግ፣ አምልኮንም እንዳይከለክል አገደ። ማሳቹሴትስ በ1635 ያስተላለፈችውን የማባረር ፍርድ በይፋ የሻረችው በ1936 ነው፤ ከ300 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ሰው ምን እንማራለን? እኛ ስደት ሲደርስብን ነጻነትን እንለምናለን፤ መልካም ነው። ጥያቄው ለእኛ የምንለምነውን ለጎረቤታችን እንለምናለን ወይ የሚለው ነው። ትምህርቱን የማንቀበለው ሰው መሰብሰቢያው ሲዘጋበት ዝም ካልን፣ ስለ እኛ የሚናገር ሲጠፋ ሊደንቀን አይገባም። ሐሰትን በቃሉ እንገሥጽ፤ በጸሎትና በፍቅር ሰዎችን ወደ ጌታ እንጥራ። ልብን የሚያዞር መንፈስ ቅዱስ እንጂ ሰይፍ አይደለምና። ዊሊያምስም በምርኮኞቹ ጉዳይ እንደ ወደቀ እያሰብን፣ በአንድ ነገር ብርሃን ያየን ሰዎች በሌላው እንዳንታወር እርስ በርሳችን እንተያይ።

ጌታ እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።