ማርኮኒና የተጣበበው አየር

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ብዙም በማይርቁት ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ፈቀቅ አይልም። በዚህ ጊዜ ሁላችንም የምናማርረው አገልግሎት ሰጪውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ነው። ባንኩ፣ የጥብቅና ቢሮው፣ ክሊኒኩና ካፌው የየራሳቸውን መሣሪያ ሰቅለው በአንድ ቻናል ይሻማሉ። አየሩ ተጣቧል ማለት ነው። ከዚህ ጣጣ ጋር ቀድመው ከተፋጠጡት ሰዎች አንዱ ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነበር። የእርሱ ሕይወት በክፉም በደጉም እኛን ይነካል።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1874 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከባለጸጋ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1895፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከአባቱ ርስት ላይ ያለ ሽቦ የላከው ምልክት ከኮረብታው ማዶ ደረሰ። መድረሱን ያበሠረው ወንድሙ የተኮሰው ጠመንጃ ነው ይባላል። በዓመቱ ወደ ለንደን ተሻገረ፤ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ኩባንያም አቋቋመ።

የዚያን ዘመን ማሰራጫ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ስለነበር ሞገዱ አየሩን በሰፊው ያጥለቀልቀዋል። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1900 ያመለከተበት ቁጥር 7777 የተባለው ዝነኛ ፓተንት ለዚህ መፍትሔ የታሰበ ነበር። ማሰራጫውና ተቀባዩ እንደ ክራር አውታር ተቃኝተው በአንድ ሞገድ ብቻ ይግባባሉ። ዛሬ ቻናል የምንለው ነገር መሠረቱ ይኸው ቅኝት ነው። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት በኒው ዮርክ አቅራቢያ በተካሄደ የመርከብ ውድድር የማርኮኒና የተፎካካሪዎቹ ጣቢያዎች ዜናውን ለማስተላለፍ ሲሽቀዳደሙ አንዱ የሌላውን ምልክት አበላሸ። ዘዴው ቢኖርም ስምምነት አልነበረም።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ መድረሱን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ። ሰውየው ግን አየሩን መከፋፈል ብቻ ሳይሆን ለብቻው መያዝም ይፈልግ ነበር። የኩባንያው ኦፕሬተሮች ከአደጋ ጊዜ በቀር የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከጫነ መርከብ ጋር መልእክት እንዳይለዋወጡ ታዘው ነበር። ይህን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1906 በርሊን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች የመሣሪያውን ዓይነት ሳይለዩ የመርከቦችን መልእክት እንዲቀበሉ አስገደደ።

የመጣበብ ዋጋ በሰው ሕይወት የተከፈለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ነው። በአቅራቢያ የነበረችው ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ በበረዶ ተከባ መቆሟን ለታይታኒክ ስትነግር፣ የመንገደኞችን ቴሌግራም በመላክ የተወጠረው የታይታኒክ ኦፕሬተር ዝም እንዲል ገሠጸው። ያኛውም መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ተጋጨች። ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ 700 ያህሉን ያተረፈውም ሌላ መርከብ የጠራው ሬዲዮ ነበር። ሁለቱም ኦፕሬተሮች የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ የሬዲዮ ሕግ አወጣች፤ ጣቢያዎችም በፈቃድና በተመደበ ሞገድ መሥራት ጀመሩ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሕይወቱ መጨረሻ መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችን ስትወረር ማርኮኒ ዓለምን እየዞረ ለወራሪው ተሟገተ። ለንደን ላይ ቢቢሲ የአየር ሰዓት ከለከለው፤ የሬዲዮ አባት የተባለው ሰው ከሬዲዮ ተባረረ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ በሬዲዮ ነበር። አቤቱታው ወረራውን አላስቆመም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ እስከ ጣና ዳርቻ ዘለቀ፤ ባሕር ዳርም በጠላት እጅ ወደቀች።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1937 ሮም ላይ ሞተ። በብሪታንያ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን የተባሉ ሰዎች ቀድመውታል በማለት የቅኝት ፓተንቱን ዋና ዋና ነጥቦች ውድቅ አደረገ። የእኔ ብቻ ነው ያለው ነገር የብዙዎች ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ባሕር ዳሩ ሕንፃ እንመለስ። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋይፋይ ግን በዓለም ዙሪያ በጋራ በሚያገለግል የሞገድ ክልል የሚሠራ በመሆኑ፣ ለየቢሮው ቻናል የሚደለድል ዳኛ አይመጣም። በ2.4 ጊጋኸርዝ 13 ቻናሎች ቢቆጠሩም ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ቻናል ያሉ መሣሪያዎች እየተደማመጡ ተራ ይጠብቃሉ። በመሐል 3ን ወይም 4ን የመረጠ ግን ግራና ቀኙን ይረብሻል፤ ራሱም ይረበሻል። ኃይል መጨመርም ጩኸቱን ያብሳል እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልክ ላይ በሚጫን የዋይፋይ መመርመሪያ የትኛው ቻናል እንደተጨናነቀ ማየት፤ ከሦስቱ ቀለል ያለውን መምረጥ፤ የቻናሉን ስፋት በ20 ሜጋኸርዝ መወሰን፤ ኃይሉን ክፍሉን እስኪያዳርስ ድረስ ብቻ መተው፤ የሚችሉትን መሣሪያዎች ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር፤ ከጠረጴዛ የማይነሣውን ኮምፒዩተር በኬብል ማገናኘት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቢሮ ብቻውን ቢያስተካክል ጎረቤቱ ነገ ያፈርስበታል። ስለዚህ የሕንፃው ተከራዮች ተቀምጠው የትኛው ፎቅ የትኛውን ቻናል እንደሚይዝ ይስማሙ። ለዚህ ውል አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።