ሉዊ ፓስተርና ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቃን

ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ አገር ዶል በምትባል ከተማ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 ዓመት በዲሴምበር 27 ቀን ተወለደ። አባቱ አስቀድሞ የናፖሌዎን ወታደር ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ቆዳ እያለፋ ቤተ ሰቡን ይመግብ ነበር። ሉዊ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ አርቧ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደው ተቀመጡ። በልጅነቱ ሥዕል መሣል እጅግ ይወድ ነበር፤ የአባቱንና የእናቱንም መልክ አሳምሮ ሣለ። መልክን አተኩሮ የማየት ልማድ ኋላ ለሥራው ጠቀመው።

ዕድሜው 15 ዓመት በሆነ ጊዜ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ተላከ። ነገር ግን የአገሩ ናፍቆት ስለ ጸናበት መታገሥ አቃተው፤ አባቱም መጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። ሉዊ በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። በ1842 ዓመት በፓሪስ ወዳለው ታላቅ የመምህራን ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ አለፈ፤ ነገር ግን ተራው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ደስ አላለውም። አንድ ዓመት ጨምሮ ተማረና በ1843 ዓመት በተሻለ ተራ ገባ።

በ1854 ዓመት ሊል በምትባል ከተማ የሳይንስ ትምህርት አለቃ ሆነ። በዚያም አገር ስኳር ካለበት ሥር አልኮል የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። በ1856 ዓመት ከእነርሱ አንዱ የሚያፈላው ነገር እየተበላሸ ስላስቸገረው ወደ ፓስተር መጥቶ ርዳታ ለመነ። ፓስተርም ሥራውን አልናቀም፤ ወደ ማፍያው ስፍራ እየተመላለሰ ፈሳሹን ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። በ1857 ዓመትም ወተትን የሚያኮመጥጠው ከእርሾ ያነሰ ሕያው ረቂቅ እንደ ሆነ ጽፎ አስታወቀ።

በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ነገሩን በዚህ መንገድ አልተረዱትም። ስመ ጥሩው የጀርመን ኬሚስት ሊቢግ ስኳርን የሚለውጠው የሚፈርስ ነገር መናወጥ ነው እንጂ ሕይወት አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። ዳግመኛም ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ሳያገኝ ሊኖር እንደማይችል ሰው ሁሉ ያምን ነበር።

በ1861 ዓመት ፓስተር በፓሪስ ሳለ የቆየ ቅቤ ሽታ ያለውን አሲድ የሚያወጣ መፍላት ይመረምር ነበር። ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ወስዶ በቀጭን መስታወት ሸፍኖ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ዱላ የሚመስሉ ረቂቃን በጠብታው መካከል ወዲያና ወዲህ ሲዋኙ አየ። በጠብታው ዳር፥ አየር በሚነካው ስፍራ ያሉት ግን ዝም ብለው ቆመዋል። ይህ እጅግ አስደነቀው። ሌሎች የሚያውቃቸው ረቂቃን አየር ፈልገው ወደ ዳር ይሮጡ ነበርና፤ እነዚህ ግን ከአየር ይሸሻሉ።

ፓስተር ያየውን ነገር ዐይኔ ተሳስቷል ብሎ አልተወውም፤ እውነት ነው ብሎም ፈጥኖ አልተናገረም፤ ይልቁንም ፈተነው። በሚፈላው ፈሳሽ ውስጥ አየር እንዲያልፍ ባደረገ ጊዜ ረቂቃኑ ሞቱ፥ መፍላቱም ቀረ። በአየር ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ባሳለፈ ጊዜ ግን ምንም አልጎዳቸውም። ስለዚህ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ፥ ኦክሲጅንም መርዝ የሚሆንባቸው ፍጥረቶች እንዳሉ ተገለጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነዚህን ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ አናኤሮብ ብሎ ጠራቸው፤ ትርጓሜውም ያለ አየር የሚኖር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ እርሾን መረመረ። እርሾ በአየርም ያለ አየርም ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው በሁለቱ አንድ አይደለም። አየር ሲያገኝ ፈጥኖ ይበዛል፤ አንድ እጅ እርሾ ለማደግም ከ4 እስከ 10 እጅ ስኳር ይበቃዋል። አየር ሲያጣ ግን ጥቂት ብቻ ያድጋል፤ ለአንድ እጅ እርሾም 60 ወይም 80 ወይም እስከ 100 እጅ ስኳር ይጠፋል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ሕያው ሁሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከምግቡ ነው። ኦክሲጅን ሲኖር ስኳሩ ፈጽሞ ይቃጠላል፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ይቀራል፥ የሚገኘውም ኃይል ብዙ ነው። ኦክሲጅን ሲጠፋ ግን ስኳሩ ለአልኮልና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፈላል እንጂ ፈጽሞ አይቃጠልም፤ ከኃይሉም የሚበዛው በአልኮሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በአፈር ሸፍኖ አየር ሲከለክለው እንጨቱ ዐመድ እንደማይሆን፥ ከሰሉም ኋላ የሚነድድ ኃይል በውስጡ እንደሚያስቀር ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አየር ያጣ ረቂቅ ለመኖር ብዙ ስኳር ይፈጃል። አፉ በተደፈነ የጠላ ጋን ውስጥም ይህ ሥራ ይሠራል፤ በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮም የሚኮመጥጠው አየር በማያስፈልጋቸው ረቂቃን ነው።

አናኤሮቦች በረግረግ ጭቃ ሥር፥ በጥልቅ አፈር ውስጥ፥ በላምም ጨጓራ ይኖራሉ። በላም ጨጓራ ያሉት ሣሩን አፍልተው ለላሚቱ ምግብ ያደርጉላታል። የሚገድሉም አሉ። ፓስተር ራሱ በ1877 ዓመት በሰውነት ገብቶ የሚገድል አንድ አናኤሮብ አገኘ። በ1889 ዓመትም ኪታሳቶ የሚባል የጃፓን ሐኪም የመንጋጋ ቆልፍን በሽታ የሚያመጣውን ረቂቅ ያለ አየር ለብቻው አሳደገ። ስለዚህ በቆሸሸ ሚስማር የተወጋ ጥልቅ ቍስል እጅግ ያስፈራል፤ አየር ወደ ጥልቁ አይደርስምና። ዛሬ ግን ክትባት ከዚህ በሽታ ይጠብቃል።

ፓስተር ይህን ሁሉ የሠራው በደስታ ዘመን ብቻ አልነበረም። በ1859 ዓመት የበኵር ልጁ ሞተች፤ በ1865 እና በ1866 ዓመትም ሌሎች ሁለት ሴቶች ልጆቹን ቀበረ። በ1868 ዓመት ራሱ ታምሞ ግራ እጁና ግራ እግሩ ሽባ ሆኑ። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፤ በ1885 ዓመት በአበደ ውሻ የተነከሰውን ሕፃን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት አዳነ። በ1895 ዓመት በሴፕቴምበር 28 ቀን ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ በ1897 ዓመት ቡኽነር የሚባል ጀርመናዊ እርሾን ጨፍልቆ፥ ሕይወት የሌለው ጭማቂው ብቻ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ። ስለዚህ ፓስተር በሁሉ ነገር ትክክል አልነበረም፤ ጭማቂው ግን ከሕያው እርሾ የተገኘ ነው። ያለ አየር ስለሚኖሩት ረቂቃን ያስተማረውም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ብዙ ሰዎች ጠብታውን ቢያዩ በዳር የቆሙትን ረቂቃን እንደ ከንቱ ነገር ባለፏቸው ነበር። ፓስተር ግን ትንሹን ነገር አልናቀም፤ ሰው ሁሉ ከሚያምነው ጋር ባይስማማም አልፈራውም፤ እስኪፈትነውም ድረስ አፉን ጠበቀ። እንዲህ ያለ ተማሪ ቢዘገይም ወደ እውነት ይደርሳል።